ክብ ማህተም ፍለጋ፦ ከጉና እስከ ወንዛዬ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጉና ግርጌ

ስነሣ ውርጩ ገና ከገብስ ክምሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ኮቴ ላይ ጋቢ ጥዬ፣ በፌስታል የጠቀለልኳትን ፎልደር ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። የጉዞዬ ጉዳይ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ማህተም ማስመታት ነው። አንዲት ገጽ! ቀነ ገደቡ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አንባቢ ይታገሠኝ፤ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ መኪና በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ሲሳፈር ስለሰነበተ ከመንገዱ ነጥዬ ልጽፈው አልቻልኩም።

ደብዳቤው የእኔ አይደለም፣ የስንዱ ነው። ስንዱ በግቢያችን የድንች ነገር የሚገባት ብቸኛ መምህር ናት። ምች የማይጥለው ዘር ለማግኘት ከገበሬው ማሳ ሳትወጣ አራት ክረምት ጭቃ ረግጣለች። ዘንድሮ ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ዕድል አገኘች፤ ወጪዋን ሁሉ የሚችሉት እነሱ ናቸው። የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሥሪያ ቤቷ «ፈቅጄላታለሁ፣ ስትመለስም ቦታዋ ይጠብቃታል» ብሎ ክብ ማህተም ያሳረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ። እስከ ዓርብ ካልደረሰ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ራሷ እንዳትሄድ አራስ ናት። ሴት ልጅ ከወለደች አሥራ ስምንተኛ ቀኗ ነው።

እዚሁ ጉና ላይ ማህተም የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የለም። ዩኒቨርሲቲያችን አራት ግቢ አለው፤ ስሙን አልጠራም፣ ቦታዎቹንም ቀያይሬያለሁ፤ ጠቤ ከአሠራሩ ጋር ነው። ዋናው ግቢ ሐሙሲት ነው በሉት። ፕሬዚዳንቱም፣ ሴኔቱም፣ በጀቱም፣ ክብ ማህተሙም እዚያ ናቸው። እኛ ዘንድ ያለው አንድ ዲን፣ የዲኑ ስም ያለበት ቲተርና ብርድ ነው። ዲናችን ለመምህር የሦስት ቀን ፈቃድ መስጠት ይችላል፤ አራተኛዋን ቀን የሚሰጠው ሐሙሲት ነው። መኪናችን እንኳ «ለጥገና» ብለው ወደ ዋናው ግቢ ከወሰዱት ስምንት ወሩ።

ድጋፋቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። አምና «ለመምህራን ምቹ የሥራ አካባቢ» ተብሎ ለአራቱም ግቢ እኩል ዕቃ ተከፋፈለ። ለእኛ የደረሰን ሃያ ቬንትሌተር ነው። ጉና ላይ ቬንትሌተር! እኛ የእሳት ማንደጃ ከበን ፈተና የምናርም ሰዎች! ለምን ብለን ብንጽፍ «ሥርጭቱ ፍትሐዊ ነው» የሚል መልስ መጣ። ስንዱ አንዱን ወስዳ የዘር ድንች መደርደሪያዋ አጠገብ ተከለችው፤ የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ከነካርቶናቸው አሉ።

ከመሄዴ በፊት በስንዱ ቤት አለፍኩ። እናቷ እማማ ደብሬ በሩን ገርበብ አድርገው ስንዱ የፈረመችልኝን ውክልና አቀበሉኝ።

«በል ልጄ፣ እሷ እንዲያ እያማጠችም ስለዚች ወረቀት ነበር የምታወራው» አሉኝ። «ሳትይዝ እንዳትመጣ።»

«እማማ፣ ዓርብ ሳይመሽ እጇ ላይ ናት» አልኩ። ምላሴን ቆርጦ ይጣለው!

ረቡዕ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ታቦር

እስከ ዋናው መንገድ ሃምሳ ደቂቃ በእግሬ ወርጄ፣ በግ የጫነ ሚኒባስ አግኝቼ ደብረ ታቦር ገባሁ። ሰማንያ ብር ከፍዬ ጎኔ ላይ የበግ ቀንድ ሲወጋኝ መጣሁ። አንድ ቤት ገብቼ ትኩስ ፍርፍር በልቼ በመቶ ሃያ ብር እንደ ሰው ሆንኩ።

ደብረ ታቦር የገባሁት ግድ ሆኖብኝ ነው። ከሩቅ ግቢ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ «የግቢዎች አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት» በሚባል፣ ከሲሚንቶ መደብር በላይ በተከራዩት ፎቅ ማለፍ አለበት። አስተባባሪው ሥልጠና ሄደዋል። ተወካያቸውም ሌላ ሰው ወክሎ ወጥቷል። የተወካዩ ተወካይ ትሑት ወጣት ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ።

«መምህር፣ እኔ የምችለው መሸኛ ደብዳቤ መጻፍ ነው» አለኝ።

«መሸኛው ምን ይላል?»

«ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል አይቶ የሚመለከተውን ያድርግ ይላል።»

«እናንተን አይመለከትም?»

«አይ፣ እኛ እንሸኛለን።»

አልሳቀም፤ የምሩን ነው። ለመሸኛው አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ፤ ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሶ ነበር። ወጣቱ መሸኛውን፣ ልጁ ፈተና እንዳለፈለት ሰው በፈገግታ አቀበለኝ፤ እኔም ልቆጣው አንጀቴ እምቢ አለኝ።

ረቡዕ፣ እኩለ ቀን፣ ቁልቁለቱ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደውን መንገድ ጥርሱን ነክሶ የማይሄድ ሹፌር የለም። ዓለም በርን ስናልፍ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ከወረታ ስንደርስ ኮቴንም። የፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ይታጨዳል፤ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ነዶ ተከምሯል። ሁለት ቦታ ላይ ወርደን ተፈትሸን በእግር አለፍን። «መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፣ ተመስገን በሉ» አለን ረዳቱ፤ ሰዉም ተመስገን አለ። ሙቀቱ ሲመታኝ ቬንትሌተሮቻችን ትዝ አሉኝ፤ ለካ የገዙልን የእነሱን ላብ አይተው ነው።

ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐሙሲት፣ ዋናው ግቢ

የመምህራን ጉዳይ ባለሙያዋ ወይዘሮ ፋንታዬ ይባላሉ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉም ሙሉ ነው። ውክልናው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ አይቻልም። የትምህርት ፈቃድ የምትወስደው መምህርት በአካል ቀርባ ፊቴ መፈረም አለባት።»

«አራስ ናት እኮ!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት። ግን ደንቡ በአካል ነው የሚለው።»

ደሜ ፈላ። «ከጉና ድረስ? በአሥራ ስምንተኛ ቀኗ? ለአንድ ፊርማ? ኧረ እግዜርን ፍሩ! ይህን ደንብ ያወጣውን ሰው ሴት አልወለደችውም?» ብዬ ጮህኩ። በኮሪደሩ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ወይዘሮ ፋንታዬ አልተቆጡም። ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፋይል አወረዱ፤ የሴኔት ቃለ ጉባኤ ነው። ገጹን ገልጠው ጣታቸውን አሳርፈው አነበቡልኝ፦ «የጉና ግቢ ተወካይ መምህር ሙሉቀን ባቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ መሠረት፣ የትምህርት ፈቃድ ጠያቂው በአካል ካልቀረበ ደብዳቤ እንዳይሰጥ፣ ውክልናም ተቀባይነት እንዳይኖረው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

«መምህር ሙሉቀን እርስዎ ነዎት መሰለኝ?» አሉኝ።

ሙሉቀን እኔ ነኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አራት ዓመት አንድ የክፍላችን መምህር በወንድሙ ውክልና የፈቃድ ደብዳቤ አስወጥቶ እብስ አለ፤ እንኳን ሊመለስ ደህና ሰንብቱም አላለን። የሱን ሦስት ኮርስ በእኔ ትከሻ ላይ ጭኖ ነው የሄደው። በዚያን ጊዜ የግቢያችን የሴኔት ተወካይ ነበርኩ። ስብሰባው ምሳ ሰዓት ደርሶ ሁሉም ወንበሩን ሲገፋ እጄን አወጣሁና «በአካል የምትለዋ ትግባ! ውክልና የሚባል ነገር ይቅር!» አልኩ። ስለ ታመመ፣ ስለ ወለደች፣ መንገድ ስለ ተዘጋበት ሰው የጠየቀ አንድም አልነበረም። እኔም ራሴ ከሩቁ ግቢ የመጣሁት ሰው አልጠየቅሁም። በሙሉ ድምፅ አልፎ ወደ ምሳችን ሄድን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል እኔ ነኝ።

«ሌላም አለ» አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ፤ ድምፃቸው አሁን የሐዘኔታ ነበር። «ብትመጣም እንኳ ክብ ማህተሙ ካዝና ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው የመዝገብ ቤት ኃላፊው ጋ ነው። ጋሽ ባዬ ደግሞ ለወገባቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብተዋል።»

«ተወካይ የላቸውም?»

«ማህተም አይወከልም።»

በግቢው አጥር ሥር ቁጭ ብዬ ስንዱ ጋ ደወልኩ። በአካል ተብሏል አልኳት። ማን እንዳለው አልነገርኳትም።

«እመጣለሁ ጋሼ» አለች።

«አብደሻል? እናትሽስ ምን ይላሉ?»

ከኋላዋ የእማማ ደብሬ ድምፅ ተሰማኝ፤ ይቆጣሉ። ስንዱ ስልኩን ሳትዘጋ «እማዬ፣ አራት ክረምት የለፋሁት ለዚች ቀን ነው፤ ብትፈልጊ አብረሽኝ ነይ» ስትል ሰማኋት።

ሐሙስ፣ ወንዛዬ

ሐሙሲት አልጋ ይዤ አደርኩ፤ አደርኩ ካሉት ነው። ቀኑ የገበያዋ ቀን ነው፤ ጠዋት ከሕዝቡና ከከብቱ መሀል ተሹለክልኬ በባጃጅ ወደ ወንዛዬ ወጣሁ። ባጃጁ ደርሶ መልስ አምስት መቶ ብር አለኝ፤ አልተከራከርኩም፤ ለመከራከር ፊት ያስፈልጋል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ፍል ውሃው ዳር ደካማ፣ ሽባ፣ ቁስለኛ፣ እንዲሁም ደህና ሆኖ ሙቀት የናፈቀው ሁሉ ተሰብስቧል። ጋሽ ባዬን ጠይቄ አገኘኋቸው። እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ማተባቸው ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ታሥሯል።

«ጋሽ ባዬ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። አንተ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ነህ፤ ግንባርህ ላይ ተጽፏል።»

«ምን ተብሎ?»

«አስቸኳይ ተብሎ።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተወካይ ለምን እንደሌላቸው ስጠይቃቸው ውሃውን በመዳፋቸው መቱት። «ተወካይ ስጡኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ደብዳቤህ ማህተም የለውም ብለው መለሱት። ማህተም መትቼ ብልከው፣ በራስህ ጉዳይ ላይ ራስህ ማህተም ልታሳርፍ አትችልም አሉኝ። ተውኩት!»

ቀጥለው አተኩረው አዩኝ። «ቆይ፣ ጉና አልክ? ያ በአካል ባዩ አንተ ነህ እንዴ? ቃለ ጉባኤውን ያስቀመጥኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ጋሽ ባዬ።»

«አይ ልጅ! ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» አሉ ወገባቸውን እያሹ። «ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሰባት ሳይሞላ የወጣ ሰው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ይህን ታውቃለህ?»

«ቁልፉን ብቻ ቢሰጡኝስ?»

«ቁልፉ ከማተቤ የሚወርደው ስሞት ነው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮዬ እገኛለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለአራሷ ነው።»

ዓርብ፣ አምስት ሰዓት፣ የዋናው ግቢ በር

ስንዱ የመጣችው ድንች ወደ ባሕር ዳር በሚጭን አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። ሹፌሩ ዘሯን ከተቀበሉት ገበሬዎች የአንዱ ልጅ ነው። ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል፤ የበሩን ብረት ይዛ ቆመች። እማማ ደብሬ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው፣ በሌላ እጃቸው ትንሽ ቢላ ይዘዋል። አራስ ያለ ብረት ደጅ አትወጣም፤ የአገሩ ደንብ ነው።

ጥበቃው ቢላውን አየ። «እማማ፣ ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ልጄ ያለ ብረት አትገባም!» አሉ እማማ ደብሬ። «ጋኔን ቢመታት አንተ ነህ የምታድናት?»

እኔ አሁን በቢላ ምክንያት ሁሉም ሊቀር ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ጥበቃው ግን ቀድሞኝ ወደ በሩ ሄደ፤ ትልቁን ጓጉንቸር ነቅሎ አመጣና ለእማማ ደብሬ አስጨበጣቸው።

«ብረት ከሆነ ይኼም ብረት ነው። ቢላዎን እኔ ጋ ያስቀምጡት፤ ሲወጡ እንለዋወጣለን።»

እማማ ደብሬ ጓጉንቸሩን መዘን አደረጉት፤ መርቀውት ገቡ። ደንቡም አልፈረሰ፣ አራሷም አልተጎዳች። አራት ግቢ የሚያስተዳድር ሴኔት፣ እኔን ጨምሮ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተሰብስበን ያላሰብነውን ይህ ሰው ሳይቀመጥ አሰበው። ከንዴቴ ሁሉ የባሰው ንዴት ያኔ ነው የያዘኝ፤ በማን እንደሆነ እናንተም አታጡትም።

ወይዘሮ ፋንታዬ ገና ሲያዩዋት ብድግ አሉ። «ውይ ልጄ! ተቀመጪ።» መታወቂያዋን አዩ፣ ፊቷን አዩ፣ ቦታውን አሳዩዋት፣ ፈረመች። በሰዓቴ ለክቼዋለሁ፤ በአካል የተባለው ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ለዚያች ደቂቃ ነው አራስ ሴት ከጉና ሐሙሲት በድንች መኪና የወረደችው። ስትነሣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ከንፈሯን ነከሰች፤ እናቷ ነጠላቸውን አውልቀው ከወገቧ በታች አገለደሙላት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ጋሽ ባዬ ፀጉራቸው እንደረጠበ፣ ጎብጠው በሁለት እጃቸው ወገባቸውን ደግፈው ደረሱ። ካዝናው ላይ አጎንብሰው፣ ቁልፉን ከማተባቸው ሳይፈቱ ከፈቱት። ማህተሙን እፍ ብለው መቱት። ደብዳቤው ስካን ተደርጎ ሲላክ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ስንዱ ሕፃኗ አናት ላይ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። ወይዘሮ ፋንታዬ እምቢ ብንል እንኳ አልሰማ ብለው ሴቶቹን ወደ ቤታቸው ወስደው አሳደሯቸው።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ያው አይሱዙ ድንቹን ባሕር ዳር አራግፎ ሲመለስ አሳፈረን። ጋቢናው ለሦስት ሰው ነው፤ እኛ ከነሹፌሩና ከነሕፃኗ አምስት ሆንን። ሽቅብ ስንያያዝ ብርዱ እየጨመረ፣ እኔም ያወለቅሁትን አንድ በአንድ እየለበስኩ ሄድን። ዓለም በር ላይ ስንዱ ዓይኗን ስትከድን እማማ ደብሬ ፊቷን አይተው ሆዳቸው ባባ።

«እንዲያው ይችን በአካል የምትባል ሕግ ያወጣት ሰው» አሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ «ያወጣበት እጁ ይሰበር!»

«አሜን» አለ ሹፌሩ።

ትልቅ ሰው ሲረግም አሜን አለማለት አይቻልም። ዞረው ወደ እኔ አዩ። ስንዱም ዓይኗን ገለጠች።

«አሜን» አልኩ። «እማማ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ ማርሽ መቀየር ረሳ፤ መኪናው ገታ ገታ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጠፋውን መምህር፣ ሦስቱን ኮርስ፣ ምሳ ሰዓቱን፣ እጄን ማውጣቴን። እማማ ደብሬ ሕፃኗን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ስንዱ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን የተናደዱት በአንድ ሰው ነበር። ያሠሩት ግን እኛን ነው።»

መንገዳችን ሲያልቅ፣ ከቤታቸው በር ላይ፣ እማማ ደብሬ ቢላቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«በየትኛው እጅህ ነው ያወጣኻት?»

«በቀኙ።»

ቀኝ እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው አዩት። «እንግዲያማ አይሰበር፤ ገና ሥራ አለበት። በሱው አውርዳት» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ከሩቅ ግቢ የሄደ ሰው እጁን ሲያወጣ መጀመሪያ የመጣበትን መንገድ ማሰብ እንዳለበት ነው። እሑድን ቁጭ ብዬ ሁለት ነጥብ ያላት ማመልከቻ ጻፍኩ፦ በአካል የምትለዋ ትውጣ፤ ለየግቢውም ክብ ማህተም ይሰጥ። ሰኞ ጠዋት ለሴኔቱ ጽሕፈት ቤት ደውዬ በፖስታ ልላከው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይሆንም፣ አቅራቢው በአካል ይምጡ አሉኝ።

እመጣለሁ።